ቅራቅንቦ ነው፣ ልጄ

የዳባትን ገበሬ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገባህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጎተራው ጢም ብሎ አፉ በጭቃ ተመርጎ ቆሞ፣ «ምን አላት፣ ለልጆች አፍ ያህል ናት» ይላችኋል። ከብቱን ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅማ ወይ ቡዳ ነው ወይ ግብር ሰብሳቢ። አሥራት ገማች አውድማ ድረስ እየመጣ ሲገምትበት የኖረ አገር ነው። አሥራቱ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ቢተካም፣ ገማቹ መሄዱን አንደበታችን እስካሁን አላመነም። እንዲህ ያደገን ሰው ፈታሽ ፊት አቁሞ «ያለዎትን በዝርዝር ያሳውቁ» ማለት አስተዳደጉን ካድ እንደማለት ነው።

ኬላም ቢሆን ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ከምጽዋ የሚመጣውን ሲራራ ሊማሊሞ ላይ የሚጠብቀው ገደሉ ብቻ አልነበረም፤ ቀራጩም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በዚያው አቀበት ቴሌስኮፕና የኮከብ መለኪያ አስጭኖ ወጥቷል። ለቴሌስኮፕ ስንት አሞሌ ጨው እንደሚቀረጥ የሚያውቅ ቀራጭ የነበረ አይመስለኝም። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነግሠው ብዙ ሳይቆዩ፣ ቀረጥ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ጽፏል። በሽፍትነታቸው ዘመን ነጋዴ ሲዘርፉ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ነጋዴው ስንት ጊዜ እንደሚታለብ ከሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል?

ያሁኑ የጉምሩክ አዋጅ፣ ቁጥር 859/2006፣ ቀልድ አያውቅም። ቀረጡን ከፍሎ በሰላም መሄድ ይችል የነበረ መንገደኛ፣ በመደበቁ ብቻ ዕቃውን ይወረሳል፤ ነገሩ ኮንትሮባንድ ከተባለም እስር አለበት።

አዋጁን ያላነበበው የመተማ መንገድ ነው። ገንዳ ውኃ ላይ ሙቀቱ ወፍ ያወርዳል። አውቶቡሱ ኬላ ሊደርስ ሲል አንዲት ነጋዴ ከወንበር ሥር ጆንያ ትፈታና ዕቃዋን ለተሳፋሪው ታድላለች። «አባባ፣ በማርያም ይቺን ደርቡልኝ!» ሽማግሌው ሦስት የቆዳ ጃኬት ደራርበው፣ ላባቸው በጢማቸው እየተንቆረቆረ ቁጭ ይላሉ። ፈታሹ ይገባል።

«አባቴ፣ በዚህ ሙቀት ሦስት ጃኬት?»

«የምሄደው ደባርቅ ነው ልጄ። ብርዱን አታውቀውም?»

እውነታቸውን ነው። የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ሰው በአራተኛውም አይፈርድም።

አክስቴ ደግሞ ለጥምቀት ከአሜሪካ መጣች። ሻንጣዋ በጉምሩክ መፈተሻ ማሽን ሲያልፍ ወጣቱ ፈታሽ በትሕትና ጠየቃት፦

«እናቴ፣ የሚያሳውቁት ዕቃ አለ?»

«ምን አለኝ ብለህ ልጄ፣ ቅራቅንቦ ነው።»

ሻንጣው ተከፈተ። ካልሲ ውስጥ ስልክ፣ ጫማ ውስጥ ስልክ፣ የሕፃን ኮፍያ ውስጥ ሁለት ስልክ። አሮጌ እንዲመስሉ ካርቶናቸውን ጥላ፣ ስክሪናቸው ላይ ያለውን ላስቲክ ግን ረስታዋለች።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የእኅት የወንድሞቼ ልጆች ነው።»

«ስንት ናቸው ልጆቹ?»

«ውይ!» አለች አክስቴ ደንግጣ። «ልጅ ይቆጠራል እንዴ?»

ልጁ ልጆቹን ትቶ ስልኮቹን ቆጠረ። ገሚሱ ተወረሰ፣ በገሚሱ ቀረጥና ቅጣት ከፍላ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች። ዘመድ ግር ብሎ ወጥቶ፣ እልል ተብሎ፣ ዓይን ሁሉ ሻንጣው ላይ ሲያርፍ፣ አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራርጋ «አንድ አላስቀሩልኝ፣ ሁሉንም ወረሱብኝ!» አለች። አገር ሁሉ አብሯት ጉምሩክን ረገመ።

ይህን ወግ የጻፍኩት በስልክ ነው። የማን ስልክ እንደሆነ ዘመዶቼ ፊት ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።