የወንዝ ዳር መንገድን ማበላሻ ሰባት ፍቱን ዘዴዎች

ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች አንድን ውብ የወንዝ ዳር መንገድ ማበላሸት ለሚፈልግ ኃላፊ የተጻፉ ናቸው። እንዲህ ያለ ኃላፊ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። አውቆ የሚያበላሽ የለም፤ ይሁን እንጂ የወንዝ ዳር መንገድ በየአገሩ የሚበላሸው በእነዚሁ ጥቂት ስሕተቶች ነው። ስለዚህ ስሕተቱን በምክር መልክ፣ የሚያስከትለውን ደግሞ ከሥሩ እንዳለ አስቀምጫለሁ።

ምሳሌዬ በካናዳ፣ በአልበርታ ግዛት ያለችው ካልጋሪ ናት። ቦው ወንዝ ከሮኪ ተራሮች በረዶ ሥር ይነሣና በሌክ ሉዊዝ፣ በባንፍና በካንሞር በኩል ወርዶ ካልጋሪን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። በዳርቻው ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው በከተማው ውስጥ መኪና የሚሄድበት ሜሞሪያል ድራይቭ ነው። ሁለተኛው በዚያው ጎን የተዘረጋው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው። ሦስተኛው ወደ ተራራው ሲወጡ ከባንፍ እስከ ሌክ ሉዊዝ 48 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ቦው ቫሊ ፓርክዌይ ነው። ሦስቱም እስካሁን የሚወደዱት በደንብ ስለተጠበቁ ነው። አበላሻለሁ የሚል ሰው እንግዲህ ከጥበቃው መጀመር አለበት።

1ኛ፦ ወንዙን አያማክሩት

ውሃው በጎደለበት ወር ይሂዱ፣ ዳርቻውን ይለኩ፣ መንገዱን ከውሃው አፍ ላይ ይሥሩ። የጎርፍ ካርታ ማዘጋጀት ወጪ ነውና ይተዉት።

ካልጋሪ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ በውድ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 በተራራው ላይ የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ከቀለጠው በረዶ ጋር ተደምሮ ቦውና ገባሩ ኤልቦው ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ፈሰሱ። ከ75,000 የማያንስ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የወንዝ ዳር መንገዶቹም በብዙ ቦታ ከነአፈራቸው ተጠርገው ሄዱ። ሃርቪ ፓሴጅ የሚባለው፣ ሰው ይበላ የነበረውን ዝቅተኛ ግድብ ለታንኳ ቀዛፊዎች እንዲመች አድርጎ የለወጠው ሥራ፣ በ2012 ተከፍቶ በዓመቱ ፈረሰ፤ ዳግመኛ የተከፈተው በ2018 ነው። በዚያው በ2012 የተመረቀው፣ ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው ቀዩ የእግረኛ ድልድይ ፒስ ብሪጅ ግን ወንዙ ውስጥ አንድም ምሰሶ የለውም። ጎርፉ በሥሩ አልፎ ሄደ። ወንዝ የራሱን መንገድ አስቀድሞ ይዟል፤ የእኛ መንገድ የሚቆመው ለእርሱ ቦታ በለቀቅንለት መጠን ነው።

2ኛ፦ ማስታወቂያውን ያስቀድሙ፣ መጸዳጃ ቤቱ ይደርሳል

መጀመሪያ ፎቶግራፍ አንሺ ይቅጠሩ። ሰው ከመጣ በኋላ መኪና የት እንደሚቆም፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል፣ ሕፃን ይዛ የመጣች እናት የት እንደምትገባ ያስቡበታል።

ከሌክ ሉዊዝ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኘው ሞሬይን ሐይቅ ድሮ በታተሙት የካናዳ 20 ዶላር ኖቶች ጀርባ ላይ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ማስታወቂያ አይገኝም። የማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ ሲጨመርበት ጠባቡ መንገድ የመኪናውን ብዛት መሸከም አቃተው፤ ሰው ማቆሚያ ለማግኘት ገና ሳይነጋ ይሰለፍ ጀመር። በመጨረሻ ከ2023 ጀምሮ የግል መኪና ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ተከልክሎ ጎብኚው በአውቶቡስ እንዲመላለስ ተደረገ።

እኛም በገንዘባችን ላይ ያተምነው ውሃ ነበረን። ጢስ ዓባይ በአንድ ብር ኖት ጀርባ በየኪሳችን ሲዞር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውሃው ወደ ተርባይኑ እየተጠለፈ ፏፏቴው በብዙ ወራት ሳሳ። ሥዕሉን አይቶ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሥዕሉን የሚመስል ነገር ሳያይ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራቱ አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ ከኃይል ማመንጫው ጋር ሳይነጋገሩ ፏፏቴውን ማስተዋወቅ እንግዳን ጠርቶ ማዕድ አለማቅረብ ነው። የካናዳውያኑ ሐይቅ ሰው በዝቶበት ተቸገረ፤ የእኛው ፏፏቴ ውሃ አንሶት። በሁለቱም ዘንድ ማስታወቂያው ከአስተዳደሩ ቀድሞ ነበር።

3ኛ፦ መንገዱን በጭራሽ አይዝጉ

የተዘጋ መንገድ ገቢ አያመጣም ይበሉ። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት፣ በተቻለ ፍጥነት ይነዳበት።

ቦው ቫሊ ፓርክዌይ በተቃራኒው በመዘጋቱ የሚታወቅ መንገድ ነው። በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ ጁን 25 ድረስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ወደ ባንፍ ከተማ ያለው 17 ኪሎ ሜትር ለጉዞ ይዘጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በረዶው ቀድሞ የሚለቀው ከሸለቆው ወለል ስለሆነ ድቡ፣ ተኩላውና አጋዘኑ በዚያ ወቅት የሚግጡበትና የሚያድኑበት፣ የሚያልፉበትም ቦታ ያው መንገዱ ያለበት ነው። ሌሊቱ ለእነርሱ ተሰጠ። በተፈቀደው ሰዓትም ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሜይና በጁን፣ እንዲሁም በሴፕቴምበር ያው 17 ኪሎ ሜትር ለመኪና ተዘግቶ ለብስክሌት ይለቀቃል። መኪና በሌለበት መንገድ ልጆቻቸውን አስከትለው የሚጋልቡ ወላጆችን ያየ ሰው፣ መዝጋት ራሱ መንገድን ማስተዋወቂያ እንደሆነ ይገባዋል።

ከወንዙ ማዶ የሚያልፈው ትልቁ የትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና ሊዘጋ ስለማይችል ሌላ መፍትሔ ተበጀለት። በባንፍ ፓርክ ውስጥ ግራና ቀኙ ታጥሮ ለዱር እንስሳት 6 የላይ ድልድዮችና 38 የሥር መሿለኪያዎች ተሠርተዋል። ሣርና ዛፍ በተተከለበት ድልድይ ላይ ድብ ከመኪኖቹ በላይ ይሻገራል። አጥሩና መሻገሪያው ከተሠራ ወዲህ የእንስሳት ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል።

4ኛ፦ ሁሉንም በአንድ መስመር ይልቀቁ

እግረኛ፣ ብስክሌት፣ የኤሌክትሪክ ስኩተር፣ የልጅ ጋሪና ውሻ በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ ይሂዱ። ሥርዓቱን ራሳቸው ያበጁታል።

በካልጋሪ የወንዝ ዳር መንገድ የፍጥነት ጣሪያው፣ ሌላ ምልክት ካልተለጠፈ በቀር፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው። ሁሉም በቀኙ ይሄዳል፤ ቀድሞ የሚያልፍ ደወል ይመታል ወይም ድምፅ ያሰማል። ሰው በሚበዛበት የወንዙ ክፍል መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ጎማ ለብቻው፣ እግር ለብቻው እንዲሄድ ተደርጓል።

ይህ ሥርዓት ለማን እንደሚጠቅም ለማወቅ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ሲሄዱ ማየት ይበቃል። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የልጅ ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ፣ ዝግ ብለው ይራመዳሉ። ከኋላቸው ደወል ሲሰሙ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ግራ ዞር ይላሉ፤ ብስክሌቱ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በግራ ነው። መስመሩ ከተለየ ዞር ማለታቸው ምንም አያመጣም። ካልተለየ አንድ ደወል ለአደጋ ይበቃል። ጥሩ መንገድ የሚለካው ቋንቋውን የማያውቁትና ዝግ ብለው የሚሄዱት ሰው ያለ ሥጋት ሲሄዱበት ነው።

5ኛ፦ ችግኝ ይትከሉ፣ ፎቶ ይነሡ፣ ይሂዱ

ዛፍ መትከል የአንድ ቀን ዝግጅት ነው። ውሃ ማጠጣቱን ለዝናብ ይተዉት።

ሜሞሪያል ድራይቭ ስሙን ያገኘው ከዛፎቹ ነው። ከ1922 እስከ 1928 በከተማው የፓርኮች ኃላፊ በዊልያም ሪደር ዘመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ 3,278 ዛፎች በወንዙ ዳር ተተከሉ። የተመረጠው ዛፍ በቶሎ የሚያድግ የፖፕላር ዘር ነው፤ በቶሎ የሚያድግ ዛፍ ደግሞ በቶሎ ያረጃል። ከተማው ዛፎቹ አርጅተው እስኪወድቁ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ከመጀመሪያዎቹ ዛፎች ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ችግኝ ተፈልቶ በሞቱት እግር እንዲተካ ተደረገ። ዛሬ በዚያ ጥላ ሥር የሚያልፍ ሰው፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከተተከለው የዚያው ዛፍ ልጅ ሥር እያለፈ ሊሆን ይችላል።

መታሰቢያነቱም አልተረሳም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በየዓመቱ ከኖቬምበር 1 እስከ 11 በመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ከ3,400 በላይ ነጫጭ መስቀሎች ይተከላሉ። በእያንዳንዱ ላይ በጦርነት የሞተ የደቡብ አልበርታ ሰው ስም አለ። በየዓመቱ ብዙ ችግኝ ለምንተክል ለእኛ ትምህርቱ አጭር ነው፤ የተተከለ ዛፍ ተንከባካቢና በጀት ይፈልጋል፣ በሚያረጅበት ቀንም ተተኪ።

6ኛ፦ የማያምረውን ታሪክ ይቁረጡት

ጎብኚ ለመዝናናት ነው የመጣው። ስለ ተራራው ከፍታና ስለ ውሃው ቀለም ይንገሩት፤ መንገዱን ማን እንደሠራው አያንሡ።

የቦው ቫሊ ፓርክዌይ ከፊሉ የተሠራው በእስረኞች እጅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካናዳ በጠላት ዜግነት ስም 8,579 ሰዎችን አሰረች፤ ብዙዎቹ ዩክሬናውያን ስደተኞች ነበሩ። ከእነርሱም መቶዎቹ ከ1915 እስከ 1917 በካስል ተራራ ሥር በተተከለ ካምፕ ታስረው ከባንፍ ወደ ሌክ ሉዊዝ የሚወስደውን መንገድ ቆፈሩ። እንጀራ ፍለጋ የመጡ ስደተኞች እንጂ ወንጀል የተገኘባቸው ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያው ቦታ ሐውልት ቆመላቸው፤ ስሙም «ለምን?» ነው። ይህን የሚያውቅ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፤ ተራራውንም በሌላ ዓይን ያየዋል። እኛ ስደተኞች ደግሞ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል።

ወንዙም ከከተማው በፊት ባለቤቶች ነበሩት። በ1875 የፖሊስ ምሽግ የተሠራው ቦውና ኤልቦው በሚገናኙበት፣ ብላክፉት ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ በሚያውቁት ቦታ ነው። በ1877 በነባሮቹ ሕዝቦችና በመንግሥት መካከል ሰባተኛው ውል የተፈረመውም ከካልጋሪ በታች በዚሁ ወንዝ ዳር፣ በብላክፉት መሻገሪያ ነው። ይህን የሚዘል የመንገድ ምልክት ለጎብኚው ግማሽ ታሪክ ነግሮ ይሰደዋል።

7ኛ፦ የአካባቢውን ሰው ይርሱት

መንገዱ ለእንግዳ ነው። በዳሩ የሚኖረው ሰው ምን ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ስብሰባ ማብዛት ነው።

ካልጋሪ በየዓመቱ በፀደይ ወራት የመንገድና የወንዝ ጽዳት ዘመቻ ታካሂዳለች፤ ዘመቻው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በጎ ፈቃደኞች የየራሳቸውን የወንዝ ክፍል ተረክበው፣ በረዶው ሲቀልጥ የሚገለጠውን ጠርሙስና ፌስታል ይለቅማሉ። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያጸዳ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቆሻሻ አይጥልም፤ ሲጥል ያየውንም ዝም አይልም። ከተማው ምንም ያህል ጠባቂ ቢቀጥር ይህን ያህል ዓይን አያገኝም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት የታቀደ ነበር። በባሕር ዳርም በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ ከእግረኛና ከብስክሌት መስመሩ ጋር ተመርቋል። ሁለቱም ደስ የሚያሰኙ ጅምሮች ናቸው። ፈተናቸው ከምረቃው ማግስት ይጀምራል። የአዲስ አበባ ወንዞች ዛሬም የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይሸከማሉ፤ በታች በኩል በዚያው ውሃ አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ። ዳርቻው በአበባ አጊጦ ውሃው ከሸተተ፣ መብራቱ ደምቆ በዳሩ የኖረው ሰው ከተረሳ፣ ያ መንገድ ገና ሳይታወቅ ተበላሽቷል።

ስለዚህ በየከተማው የወንዝ ዳር ልማት በእጃችሁ ያለ ኃላፊዎች፣ ከቀጣዩ የማስታወቂያ ፊልም በፊት ሦስት ነገር አሟሉ፦ የውሃውን ጽዳት፣ የዓመት የጥገና በጀትና ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ። በካልጋሪ የምትኖሩ ወገኖቼም በበጋ በቦው ዳር ሥጋ ስትጠብሱና ቡና ስታፈሉ ወንዙ የእናንተም ነው። በሚመጣው የጽዳት ዘመቻ በማኅበራችሁ፣ በዕድራችሁ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ስም ተመዝገቡ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ።