ይድረስ ለጡረተኛው አዋጅ

ለክቡር አዋጅ ቁጥር 513/1999
የነጋሪት ጋዜጣ መደርደሪያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለጡረታዎ እንኳን አደረሰዎት ስለማለት

ክቡር ሆይ፣

በየካቲት 1999 የአገሩን ደረቅ ቆሻሻ እንዲያስተዳድሩ ታወጁ። በ2017 ምክር ቤቱ አዲስ አዋጅ አጽድቆ በክብር አሰናበተዎት። እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ጡረታ የወጡት አንድም ገጽዎ ሳይታጠፍ፣ አንድም አንቀጽዎ ሳያረጅ ነው። ሁሉ ነገር ተጠቅመው በሚጥሉት ዘመን፣ ሳይጠቀሙበት 18 ዓመት የተቀመጠ ዕቃ ብርቅ ነውና ይኮሩበት።

ከሥራዎችዎ ሁሉ የምናደንቀው የ0.03 ሚሊ ሜትሩን ነው። ከዚህ ውፍረት የማይበልጥ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከሉ። ስሱ ፌስታል ግን ክልከላውን ሳይሰማ በየጉልቱ ነገሠ። ደግነቱ ቲማቲም ሻጮቻችን ሕግ አክባሪዎች ናቸው። «እንዳይቀደድብኝ ደርቢልኝ» ስንላቸው ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ይሰጡናል፤ ሲደረብ ውፍረቱ ከተከለከለው ያልፋል። እስከ ጡረታዎ ድረስ ያስከበሩዎት እነዚህ ጉልት የተቀመጡ እናቶች ናቸውና፣ የምስጋና ወረቀት ካለ ለእነሱ ይድረስ።

ስለ ጠርሙስና ስለ ጣሳም ጽፈው ነበር። አምራቹና አስመጪው ያገለገለውን መልሰው የሚሰበስቡበት ሥርዓት እንዲዘረጉ አዘዙ። የጠርሙሱ ነገር እውነትም ይሠራል። ለስላሳ ሊገዛ የተላከን ልጅ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባዶ ይዘሃል?» ብሎ ነው። ካልያዘ መያዣ ያስቀምጣል። ጠርሙሱ ወደ ሳጥኑ፣ ሳጥኑም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ዛሬ ሰርኩላር ኢኮኖሚ እየተባለ በፕሮጀክተር የሚታየን ይኸው ነው። ችግሩ፣ ይህ ልማድ እርስዎ ከመታወጅዎ በፊትም ነበረ። ባለሱቁ ጠርሙሱን የሚጠብቀው እርስዎን አንብቦ ሳይሆን ገንዘቡ እንዳይቀርበት ነው። ሃይላንድ ሲመጣ ግን መያዣም የለው፣ ከእርስዎም ዘንድ አንቀጽ የለው። ውሃው ሲያልቅ ባለቤቱም አብሮ አለቀ፤ ክረምት ሲገባ ቦይ ውስጥ እናገኘዋለን።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ተመልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይም አዘዋል። እኛ ታዛዦች ነን። ወረቀቱን ለብቻ፣ የሽንኩርት ልጣጩን ለብቻ አድርገን ደጃፍ ላይ ብናወጣ፣ ጋሪው መጥቶ ሁለቱን ባንድ ጆንያ ያጋባቸዋል። የሠርጉ ጉዞ ወደ ረጲ፣ ወደ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ነው። እዚያ በ2010፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ የታቀደ ማመንጫ ተመርቋል። ከቤታችን የሚወጣው ግን አብዛኛው የምግብ ትራፊና ልጣጭ፣ እርጥብ ነገር ነው፤ ከሚያነዱት ይልቅ ኮምፖስት ቢያደርጉት ይሻላል። ደህና አድርጎ የሚነደው ወረቀቱና ፕላስቲኩ ነው፤ እሱን ደግሞ ቆራሌው ይፈልገዋል። እሳቱና ቆራሌው በአንድ ካርቶን ሲሻሙ ፖሊሲው ከማን ወገን እንደሚቆም እስካሁን አልነገረንም።

ቆሼ ላይ የሚቀለድ ነገር የለም። በ2008 የተከፈተው የሰንዳፋ ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲዘጋ፣ የከተማዋ ቆሻሻ ተመልሶ ቆሼ ላይ ተቆለለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ከላዩ ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። እርስዎ ያኔ 10 ዓመት ሞልቶዎት ነበር። መለየትና መሰብሰብ ያሉት ነገር ወረቀት ላይ ባይቀር ኖሮ፣ ያ ተራራ ያን ያህል ባልገዘፈ።

ክቡር ሆይ፣ ማንም ሳያዛቸው የሚፈጽሙም አሉ። ቆራሌው ጆንያውን አንግቶ ሰፈር ለሰፈር እየጮኸ የዛገውን ብረት፣ የተሰበረውን ወንበር፣ ባዶውን ጠርሙስ በገንዘቡ ይገዛል። «ልዋጭ!» ባዮቹ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስደው አዲስ ሳፋ ይሰጣሉ። ዕቃው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ የከሰል ምድጃ፣ ቆርቆሮው አክንባሎ፣ ጎማው በረባሶ ሆኖ ይነሣል። እነዚህን ሰዎች አውደ ጥናት ላይ አላየናቸውም። የእነሱ ተራ የሚደርሰው ስብሰባው ሲበተን ነው፤ ቀን ስለታተመበት ዳግም የማይሰቀለው ባነርና በየተሳታፊው ፊት የተደረደረው ሃይላንድ በጓሮ በር ይወጣላቸዋል። ስለ ሀብት ብክነት ንግግር ያደረጉት ኃላፊ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ግቢው ውስጥ ጎማቸው የተነፈሰ መኪኖች የማስወገጃ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ሣር በቅሎባቸው ይጠብቋቸዋል። ቆራሌው ዋጋ የሚቆርጠው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው፤ ቃለ ጉባኤም አይዝም።

ተተኪዎ ፌስታልን ጨርሶ ከልክለው፣ ይዞ ለሚገኝም ቅጣት አዘጋጅተው መጥተዋል። ቆፍጣና ናቸው። ሆኖም ፌስታል የያዘችን ሴት መቅጣት ቀላል ነው፤ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ትገኛለች። ፋብሪካ ለማግኘት ግን ቀጠሮ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምክር ከጠየቁዎት ይንገሯቸው። ለጠርሙስ የሠራው መያዣ ለሃይላንድም ይሠራል። ዕቃውን ያመረተና ያስመጣ የመሰብሰቢያውንም ወጪ ይክፈል። ለለቃሚውና ለቆራሌው የመለያ ቦታ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ጓንትና ከደንብ አስከባሪ የማያሯሩጥ መታወቂያ ይሰጣቸው። ከቤት የተለየውንም ሳያጋባ የሚወስድ ጋሪ ይላክ። ቁጥጥሩ ይጀመር ከተባለ ደግሞ፣ መኪኖቹ ከቆሙበት ግቢ ይጀመር።

ይህን ሁሉ ካልሰሙ አይዘኑ። ከሁሉ ቀድሞ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው እርስዎ ነዎት፤ ዘንድሮ ያልተፈጸመ ለከርሞ በአዲስ ቁጥር ይታወጃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፌስታል ደራቢ ዜጋ

ግልባጭ፦
ለተተኪዎ አዋጅ፦ ለአፈጻጸም
ለአምራቾችና ለአስመጪዎች፦ ቀጠሮ እንዲሰጡን
ለቆራሌው፦ እንዲያውቁት ብቻ፤ እሳቸው ማስፈጸም ከጀመሩ ቆይተዋል