መምህር ፕላዝማ

በ1997 ዓ.ም. ትምህርት ከሳተላይት ይውረድ ሲባል የአማራ ክልሏ ገሳይ ሰው ቅር ሊለው አይገባም ነበር፤ ጉና ተራራ ሥር ሆኖ ለሰማይ ከሱ የሚቀርብ ማን አለ?

ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን መምህር ጠባዩ ምስጉን ነበር። አያረፍድም፣ አይታመምም፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ አይጨቀጭቅም ነበር። መብራት ካልሄደ በቀር አይቀርም ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸውን እንግሊዝኛ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያንበለብለው ነበር። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይታገሥ ነበር። ክፍሉ ጭጭ። ያኔ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይል ነበር። ዝምታን እንዲህ የሚያከብር አስተማሪ ከየት ይገኛል? ይደገምልኝ ብሎ እጁን ያወጣውን ተማሪ እንኳ አንድ ቀን ተቆጥቶት አያውቅም። ጠመኔ የያዘው መምህርም ጥግ ይዞ አብሮ ይማር ነበር፤ ለሱ የተተወችለት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለችው ደቂቃ ነበረች።

የክፍሉን ዝምታ አይቶ «አንብቦ የማይረዳ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እንዴት ደረሰ?» የሚል ነገረኛ አልጠፋም። ስክሪኑ እያነበበለት ምን አደከመው!

መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ አባት ቴሌግራሙን በየትኛው ቁልፍ እንደሚከፍት ብቻ ሳይነገረው ቀረ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ፍትሕ ሰፈነ፤ ስማርት ስልክ ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ።

በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ። ማውስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ተራው ሲደርስ አይጨነቅ። አጠቃቀሙ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይኖራል፤ በማውሱ ጠቅ አድርጎ ማንበብ ነው።