«ባለፈው ወር ብትመጡ ኖሮ!»

ደባርቅ ላይ ቆማችሁ «ወደ ሰሜን ተራሮች የሚኬደው በየትኛው ወር ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ «አይ፣ ባለፈው ወር ብትመጡ ኖሮ!» በነሐሴ ሂዱ፣ በጥር ሂዱ፣ በግንቦት ሂዱ፤ ሁሌም ያለፈው ወር ይሻላል። ሰዎቹ እየቀለዱ አይደለም። ተራራው አንዱን ሲሰጥ ሌላውን ይነሣል፤ እንግዳ ደግሞ ሁሉንም ባንድ ቅዳሜና እሑድ ማየት ይፈልጋል።

ከክረምቱ እንጀምር። ከጎንደር አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ደባርቅ ላይ የመግቢያውን ከፍሎ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦለት ሳንቃ በር የደረሰ ሰው ከ3,200 ሜትር በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ከፊቱ ገደል ነው ይባላል። «ይባላል» ማለቴ በሐምሌ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው። ስካውታችን በዱላቸው ነጩን ባዶ እየጠቆሙ «ይኼ ገደል ነው፤ ያ ማዶ አምባ ነው፤ ከሥሩ ቆላው ነው» ይሉናል። እኛም «ኧረ ግሩም ነው!» እያልን ጉሙን ፎቶ እናነሣለን። ሒሳብ ክፍል የሚሠራው ጓደኛዬ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም።

«አያ፣ የከፈልንበት ገደል የታለ?»

ስካውቱ ፈገግ እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ብትል ታገኘዋለህ» አሉት። ከዚያ በኋላ ስለ ክፍያ የጠየቀ የለም።

የጅንባር ፏፏቴ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ውሃው ወደ አምስት መቶ ሜትር በሚጠጋ ገደል ቁልቁል ይወረወራል። በክረምት ሞልቶ ምድሩን ያንቀጠቅጣል፤ ጉም ስለሚሸፍነው ግን ድምፁን ሰምቶ መመለስ ነው። በበጋ ጉሙ ተገፎ ገደሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ የሚጎድለው ውሃው ብቻ ነው። በክረምት ጆሮ፣ በበጋ ዓይን ይዞ የሚሄድ ሰው በሁለት ጉዞ አንድ ሙሉ ፏፏቴ ያገኛል።

መስከረም ሲጠባ ሁሉም ነገር ይታረቃል። ጉሙ ይገፈፋል፣ አደይ ይፈነዳል፣ በየተረተሩ ገብሱ ይዘናፈላል። በጥቅምት ስንሄድ ስካውቱ «መስከረም ላይ ብትመጡ ኖሮ አደዩን ታዩት ነበር» አሉን እንጂ እኛ ምንም አልጎደለብንም። ጭላዳው ሜዳውን ሞልቶታል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የትም የለም፤ ኑሮውም ሣር በመብላት ነው። ቁጭ ብሎ በጣቱ እየነጨ ሲበላ ቀና ብሎ ያየን አልነበረም። ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ እስከ ወገቡ የወረደ አንድ ወንድ ብቻ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን አሳየን። ጓደኛዬ «ሳቀልን!» ብሎ አጸፋውን በሙሉ ጥርሱ መለሰ። ስካውቱ በክንዱ ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት። ለካ ሰውዬው እያስፈራራን ኖሯል።

በታኅሣሥ ሰማዩ እንከን የለውም። ከግጭ ተነሥቶ 3,926 ሜትር ላይ ከእሜት ጎጎ አፋፍ የቆመ ሰው ክረምት ላይ በዱላ ሲጠቆምለት የነበረውን ሁሉ አሁን በዓይኑ ያየዋል። ዋጋው የሚከፈለው ማታ ነው። ጄሪካን ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያድራል። ጓደኛዬ የያዘውን ልብስ በሙሉ ደራርቦ ለበሰና ባዶ የቀረችውን ሻንጣ ተንተርሶ ድንኳን ውስጥ ተኛ። ስካውቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጠመንጃቸውን አቅፈው ውጭ አደሩ። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስንላቸው «ኅዳር ላይ ብትመጡ ኖሮ ብርዱ እንዲህ አይጸናም ነበር» አሉን፤ የበረደን እኛን እንጂ እሳቸውን አልነበረም።

ጨነቅ ላይ ዋልያ አየን። ዋልያ በዱር የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው። ቀንዱን ወደ ኋላ ቆልምሞ፣ ሰው ለማየት እንኳ በሚፈራው አፋፍ ላይ ተዝናንቶ ይቆማል፤ አይወድቅም። ስሙን ስለወሰደው ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ጓደኛዬ አንድ ነገር ሊናገር ብሎ ተወው።

መጋቢትና ሚያዝያ የአቧራ ወራት ናቸው። ሣሩ ይደርቃል፤ ጭላዳውም መሬት እየቆፈረ ሥር ፍለጋ ይገባል። በዚህ ጊዜ የሚያምረው ጅብራ ብቻ ነው። ጅብራ እንደ አገራችን ደጋሽ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ሲያጠራቅም ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ወራቱ የእሳትም ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ፣ የአካባቢው ሰው ቅጠል ይዞ ከእሳቱ ጋር ታግሏል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። የዚያን ጊዜ «ባለፈው ወር» ሲባል ቀልድ አልነበረም።

ተራራው በእርግጥ ከጭንቅ ወጥቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ላሊበላም አብሮት ነበር። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ለዚያም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እኛ የምናደንቀው ጸጥታ ያለ ዋጋ አልተገኘም።

አራቱንም ወቅት የሚያየው እንግዳ አይደለም፤ ስካውቱ፣ በቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ናቸው። «ባለፈው ወር» ማለት የሚያምርባቸውም ለዚህ ነው። ሥራቸው ግን በተራ ነው። በጥቅምት እንግዳው ይሻማል፤ በክረምት ተራ የደረሰው ሰው ቁጭ ብሎ ዝናብ ይቆጥራል። ስለዚህ አበባ የፈለገ በመስከረም፣ ሰማይ የፈለገ በታኅሣሥ ይሂድ፤ ሁለቱንም ያየ ግን አንድ ጊዜ በሐምሌ ብቅ ይበል። ጉሙን ያያል፣ የጅንባርን ድምፅ ይሰማል፣ የአንድ ቤተሰብም እንጀራ ይሆናል። ለጭላዳ ብስኩት አትስጡ። ጋቢ ግን በየትኛውም ወር ያዙ።