ለቡቺ ተፈቀደ፣ ለእኔ ተከለከለ

«ለአህያ ማር አይጥማትም» ብለው ተርተው የሄዱ አባቶቻችን ስለ ውሻና ማር አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መሄዳቸው ይከነክነኛል። ተናግረው ቢሆን ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ መሪ ሠፈር ቁጭ ብዬ ውሻ ማር ይበላል አይበላም የሚል ሙግት አልዳኝም ነበር። ስለ ውሻ የነገሩን በበላበት እንደሚጮኽ ብቻ ነው። ምን በልቶ እንደሆነ አላብራሩም። አጥንት መስሏቸው ይሆናል፤ የዋሆች!

የቤታችን ውሻ ቡቺ ይባላል። ውሻ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው እንጂ መሶብ የሚያህል ነጭ ጸጉራም ፍጥረት ነው። ክረምት ሲገባ ሹራብ ይለብሳል። የሚተኛው ሶፋ ላይ፣ ያውም እኔ ዜና በማይበት በኩል ነው። ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት። «አባባ፣ ይለምዱታል» አለችኝ። እሱ ለመደኝ፤ እኔ ገና ነኝ።

ሰሞኑን ሳል ያዘው። በዚያው ሰሞን ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ደወለች። የጉልበቴን ነገር ጠይቃ ሳትጨርስ የውሻው ሳል በስልኩ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ጉልበቴን የሚያነሳ ጠፋ። «ማር ስጡት እንጂ! እዚህ ሰው ሁሉ ለውሻው ይሰጣል» አለች። ሰው ሁሉ! ስምንተኛው ሺህ ሲባል እሳትና ጨለማ ይዞ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በሻይ ማንኪያ ነው የሚመጣው።

ዛሬ በባቡር የሚመጣ ሰው መሪን ከአያት ቀጥላ ያለች ፌርማታ አድርጎ ነው የሚያውቃት። ባቡሩ ግን የትናንት ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ሠፈር ሲመሽ ጌታው ጅብ ነበር። ከየካ ተራራ ባሕር ዛፍ ውስጥ ወርዶ ቆሻሻ ይለቃቅማል፤ አሁንም ቢሆን ጨርሶ አልተወንም። ያኔ ውሻ ማለት ደጅ የሚያድር፣ ጆሮው የተቦጨቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከጅብ ጋር ሲሰዳደብ የሚያነጋ ዘበኛ ነበር። ቢስልም ሳሉን የሚሰማለት ጅቡ ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱንም ቀን እንደ ቤተሰቡ ሽሮ በልቶ ይጾማል። ንስሐ አባት አልነበረውም እንጂ ከብዙዎቻችን የተሻለ ጾመኛ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ አጥንት ያገኛል፤ አለቀ።

ማር ደግሞ ማር ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፣ እናቱም ንጉሥ እንደሚሆን ያን ጊዜ አወቁ ይባላል። ንብ ሰው ትመርጥ ነበር ማለት ነው። ገባር የተባለ ሁሉ ማሩን በጉንዶ ሰፍሮ ለጌታው ይገብር ነበር፤ ራሱ ጣቱን እንኳ ላይልስ ይችላል። ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ያን ሁሉ መኳንንት ጠጅ ያጠጣው የስንቱ ገባር ቀፎ ይሆን? ወደዚያ ተራራ ቀና ባልኩ ቁጥር ይሄ ይመጣብኛል። አሁንም አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ አብዛኛው ማራችንም ጠጅ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዘመን ንቧ ስትለፋ የኖረችው ለንጉሥ፣ ለሙሽራና ለእንግዳ ነበር። ቡቺ ከሦስቱ የትኛው ነው?

ለማንኛውም ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። እኔ ለምን አብሬ እንደሄድኩ አትጠይቁኝ፤ መኪና ውስጥ አቅፎ የሚይዘው ጠፍቶ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ጨዋ ነው፤ «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ መጀመሪያ ለእኔ ወንበር፣ ቀጥሎ ለውሻው ጠረጴዛ አዘጋጀ። ቅደም ተከተሉ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አልቆየም። ማር ላደገና ጤነኛ ለሆነ ውሻ መርዝ አይደለም አለ። መድኃኒትም አይደለም፤ ጉሮሮ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ሳሉን አያድነውም፣ ለሳሉ ሌላ ነገር አዘዘ። ከማር መቶ እጅ ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 64 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ውሻ ደግሞ ከዕለት ምግቡ ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ነው በጣፋጭና በመሳሰለው መውሰድ ያለበት። ቡቺን ለሚያህል ውሻ ማንኪያ ሙሉ ማር መስጠት ግብር ማብላት ነው። «ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ እሱም አልፎ አልፎ» አለ። ከበዛ ይወፍራል፣ ጥርሱ ይበላሻል፣ ሆዱም ይረበሻል። ዓመት ያልሞላው ቡችላ ግን ጨርሶ አይቅመስ። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው የባክቴሪያ ዘር ተደብቆ ሊገኝ ይችላል፤ ያልጠነከረ አንጀት ደግሞ አይችለውም። ለሰው ልጅም ሕጉ ያው ነው፣ ሕፃን ዓመት ሳይሞላው ማር አይቀምስም። እኔ በተወለድኩ በሰዓቱ ጥሬ ቅቤ ያዋጡኝ ሰው ነኝ፤ ዝም አልኩ።

ቀጥሎ የተናገረው ነው ያቃጠለኝ። «የስኳር በሽታ ያለበት ከሆነ ግን ማር እንዳታስነኩት።» ውሻንም ስኳር ይይዘዋል እንዴ? ይይዘዋል አሉ፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ውሻም አለ። ይሄኔ የልጅ ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ስኳር ከያዘኝ ቆይቷል። ሻዬን በባዶው እጠጣለሁ፤ ማር የሚባል ነገር ስሙ በተነሳ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ዘብ ይቆምብኛል። የቡቺን ደም ቀዳው፣ ለካው፣ ንጹሕ! በእጄ አቅፌ ያመጣሁት ፍጡር ዓይኔ እያየ ማር ተፈቀደለት። እኔ ለአገሬ የከፈልኩት ግብር፣ ያሳደግኳቸው ልጆች፣ የቀበርኳቸው ጎረቤቶች ከምንም አልተቆጠሩም።

ቤት ስንገባ ልጅቱ ማንኪያውን ገልብጣ የእጀታውን ጫፍ ማሩ ውስጥ ነከረችና አቀረበችለት። የወንጪ ማር ነው፤ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠ። ቡቺ መጀመሪያ አሸተተ፣ አንዴ በምላሱ ነካ አደረገ፣ ከዚያማ ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጠው ጀመር። ማር ይታኘካል? የቀረው አገጩ ሥር ካለው ጸጉር ላይ ተጣብቆ ክር ሠራ፤ እሱን ይዞ ሶፋዬ ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጉንዳን ተሰልፎ መጣ። በማግስቱ ግቢ ውስጥ ሲንጎማለል አንዲት ንብ የአባቶቿን ንብረት ፍለጋ መጥታ አፍንጫው ላይ ነደፈችው። እንደ ጥቅል ጎመን እያበጠ ሲያለቅስ አሳዘነኝ አልልም፤ ንቧ ግን ስለ እኔ የተናገረች መሰለኝ። እብጠቱ በቀዝቃዛ ጨርቅ ወረደለት። ፊቱ ሁሉ አብጦ መተንፈስ ካቃተው ነው ወደ ሐኪም የሚሮጠው።

ድመታችን ደግሞ ማሩን አሽትታ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ድመት ጣፋጭ የመቅመስ ተፈጥሮ የላትም፤ ምላሷ ስኳርን አያውቀውም። ከቤቱ ሁሉ ጨዋ እሷ ናት።

የማሩስ ማርነት? ገበያ ላይ ያለው ግማሹ ስኳር የተፈላበት ነው። አንዱ ጋዜጣ ላይ አንጠባጥቦ ይፈትነዋል፣ አንዱ ክብሪት ነክሮ ይጭራል። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «ውሻ ከላሰው ማሩ እውነተኛ ነው» የሚል ፍልስፍና አምጥተዋል። ቡቺ የስኳሩንም ውኃ እኩል ይልሳል፤ ምስክርነቱ በየትኛውም ችሎት አይጸናም።

ይልቅ ሐኪሙ ልንወጣ ስንል ያነሳው ነገር ነው ራሴን ያዞረኝ። «ሌላ ጊዜ ምን ይበላል?» አለ። ልጅቱ በኩራት «የቤት ወጥ ነዋ» አለች። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ጥሬውም የበሰለውም ያው ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ሳይታወቅ ደም ማነስ ያመጣበታል። እስኪ በሞቴ፣ በዚህ አገር ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የሚሠራ ማን ነው? ቁሌታችን ከሽንኩርት ነው የሚጀምር! ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳል። ቸኮላታ ይመርዘዋል። ከውጭ የሚመጣ ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር በአንዴ ያወርድና ውሻውን ይጥለዋል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ሜሪላንድ ድረስ ስልክ የተደዋወልነው በግማሽ ማንኪያ ማር ነው፤ ጥፋቱ ግን በየቀኑ ከድስታችን ሲወጣ ኖሯል። ያ 55 ቀን ሽሮ ሲበላ የኖረው ዘበኛዬ ለካ ጾሙን የጾመው በመርዝ ላይ ነው። አፈሩን ያቅልለት።

ሐኪሙ የእብድ ውሻ ክትባቱንም ጠየቀ። እሱ እንኳ ተወግቷል፣ በየዓመቱም ይወጋል፤ ልጅቱ በዚህ አትታማም። ሠፈሩን ግን ተዉት። ለውሻው ሹራብ የሚገዛ ሰው ክትባቱን «አስታውሱኝ» ይላል። እኔ በውሻ የተነከሰ ሰው ጉለሌ ፓስተር እየተመላለሰ ቀን በቀን ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ ያየሁ ነኝ። ሰው ጎንበስ ብሎ ሆዱን ይዞ ሲመጣ ብታዩ ምን እንደነከሰው አትጠይቁም ነበር። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ውሻ ያላችሁ፣ ማሩን ለእኔ ተዉልኝና ገንዘቡን ለመርፌው አድርጉት። ለእኔ ማለቴ ለምሳሌ ነው፤ ልጅቱ ትሰማለች።

ሰሞኑን ደግሞ ለክርስትና ጠጅ ተጥሎ ነበር። ሲጠለል አምቡላውን ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ ልጅቱ ከኋላዬ ጮኸች። «አባባ! ለቡቺ እንዳይሰጡት፣ አልኮል ውሻን ይገድላል!»

«ልደፋው ነው። ጠጁንስ ማን ይጠጣዋል?»

«እንግዳ ነዋ። እርስዎ ደግሞ አይነኩትም።»

እንግዳው መጣ። ከኮተቤ የመጣ የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ዶሮ ወጥ ቀረበለት፣ ጠጅ ተቀዳለት። በልቶ ሲጠግብ እንደ አገሩ ወግ ቅልጥሙን አንስቶ «እንካ ልጄ» ብሎ ለቡቺ ሊወረውር ሲል የልጅ ልጄ ከእጁ ላይ ቀማችው። ሰውዬው ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሽንኩርቱን፣ አጥንቱን፣ ዘቢቡን አንድ በአንድ ስታስረዳው በትዕግሥት አዳመጠና «ታዲያ ይሄ ምን ይበላል?» አለ።

«ትንሽ ማር ይፈቀድለታል» አልኩት።

ብርሌውን አስቀምጦ አንዴ ውሻውን አየ፣ አንዴ በባዶው የምጠጣውን ሻይ አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን ይጠይቅ ጀመር።