የማያልቀው መሶብ፦ በታች ጋይንት አያቶች ላይ የተደረገ መነሻ ጥናት

አርብ ገበያና በዙሪያዋ የሚኖሩ አያቶች በሴፍቲኔት መዝገብ ላይ ያላቸው ቦታ ግልጽ ነው። በ1997 ዓ.ም በተጀመረው በዚህ ፕሮግራም ጉልበት ያለው ሰው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፤ መሥራት የማይችለው ደግሞ «ቀጥታ ድጋፍ» በሚባለው ረድፍ ይጻፋል። አያት የሚገኙት በዚህኛው ረድፍ ነው። ቤተሰቡም በዚህ አይከራከርም። «እማሆይስ እንዴት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ደህና ናቸው፣ ተቀምጠዋል» ነው። በዚያው ቤት፣ ከመደቡ ጥግ፣ ነጠላ ለብሶ የተቀመጠ ያላለቀ መሶብ አለ። እሱም ተቀምጧል። ይህ ጥናት የሚመረምረው በሁለቱ መቀመጦች መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሥራ የሌላቸው ሰው የጀመሩትን መሶብ ስለምን አይጨርሱም?

ተጠኚዋ ዓይነተኛ የጋይንት አያት ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ስለደፉ እማሆይ ይባላሉ፤ ገዳም ግን አልገቡም፣ የልጅ ልጅ አለባቸዋ። የመነኮሰ ሰው ከዓለም ተለየ ይባላል። ዓለም ግን በየማለዳው በራፋቸው ላይ ቆሞ «እማሆይ፣ እርሾ ይኖርዎታል?» ሲል ይሰማል። የሥራ መሣሪያዎቻቸው ወስፌ፣ ስንደዶ፣ አክርማ፣ በቀለም የተነከረ አለላና ሣሩ የሚርስበት አንድ ጣሳ ውሃ ናቸው። በስተግራ ደግሞ ባዘቶ የሞላ ቁናና እንዝርት ይቀመጣል። ከስፌቱና ከፈተላው የትኛው መደበኛ፣ የትኛው የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደሆነ ለማጣራት ተሞክሮ ነበር። «ዓይን ሲደክም እንዝርት፣ እጅ ሲደክም ጨዋታ» የሚል መልስ ተገኝቷል፤ ይህም ከየትኛውም ረድፍ አልገባም።

መሶቡ የታሰበው አዲስ አበባ ለምትሠራው የልጅ ልጃቸው ሠርግ ነው። ይህን መረጃ አንባቢ ለጊዜው ያቆይልን።

በንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ረገድ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በግሪኮች ተረት ጴኔሎፔ የተባለች ሴት ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየተረተረች፣ «ሸማዬ ሲያልቅ» በሚል ሰበብ ለጋብቻ የመጡባትን ወንዶች ዓመታት አጉላልታለች። ጋይንት ላይ መተርተር አያስፈልግም። ያንን ሥራ የሚሠራው የቀን መቁጠሪያው ነው። ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። ወር 30 ቀን ነው። እማሆይ በልደታ፣ በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በተክልዬ፣ በመድኃኔዓለምና በበዓለ ወልድ ወስፌ አይጨብጡም፤ 11 ቀን ሄደ። ከቀሪው 19 ላይ ቅዳሜና እሑድ ሲነሣ ወደ 14 ይጠጋል። ዓርብ የገበያ ቀን ነው፤ እሱም ሲወጣ የሚተርፈው 11 ቀን ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ የጽዋ ማኅበርና የጎረቤት ምጥ ገና አልተቀነሱም። (ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ምእመን አጥብቃ በየወሩ የምታዘው 12፣ 21 እና 29 ቀንን መሆኑ ለእማሆይ ተነግሯቸዋል። «አቦን አንተ ንገራቸው» ብለዋል።)

እንግዲህ መሶቡ መቼ ነው የሚያድገው? የዚህ ጥናት ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው። መሶቡ የሚያድገው በጾም ቀን፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት አይበላም፣ አይጠጣም፣ ቡና አይፈላም፤ እንግዳም ቡና እንደሌለ አውቆ አይመጣም። ሰዓቱ መገፋት አለበት፣ የሚገፋውም በወስፌ ነው። ስለዚህ የዛፍ ግንድ ቆርጠው ዕድሜውን ከቀለበቱ የሚያነቡ ሊቃውንት እንዳሉ ሁሉ፣ የመሶብን ዙር አይቶ የቤተ ክርስቲያንን ዓመት ማንበብ ይቻላል። የሁዳዴ 55 ቀን ዙሮች ጥቅጥቅ ያሉ፣ እኩልና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የተራበ ሰው እጅ አይዋሽም። ቀጥሎ የሚመጣው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለሆነ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፣ ስፌቱም ይላላል። በፍልሰታ 15 ቀን ዙር የለም። እማሆይ ሌሊት ሰዓታት፣ ቀን ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ክረምቱም ብርሃን ነፍጓል። የነቢያት ጾም እንደገና ጥሩ ምርት ያስገኛል፤ ሆኖም አዝመራ የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሆነ በየዙሩ መሃል የጤፍ ገለባ ገብቶ ተገኝቷል።

አንዳንድ ዙሮች ከዚህ ሕግ ያፈነግጣሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የልጅ ልጆች ሁሉ ቤት ዋሉ። ሁዳዴ ስለነበር ጥብቅ ዙር ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ግን አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለበት፣ አለላው ያለ ሥርዓት አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ የሚል ሥራ ነው። የሌላ እጅ፣ ምናልባትም የሁለት ትንንሽ እጆች፣ አሻራ እንዳለበት አያጠራጥርም። ለምን እንዳልተፈታ እማሆይ ሲጠየቁ «ይሁን፣ እሱም እንጀራ ይይዛል» ብለዋል። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ነሐሴ 2013 ላይ ይወድቃል ተብሎ የሚገመት አንድ ቦታ አለ። ፍልሰታ ስለሆነ ባዶ መሆን ነበረበት፤ ባዶ አይደለም። አለላ ያልገባበት፣ እጅግ የጠበቀ ስፌት ነው። በዚያ ወር የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። ተመራማሪው ጣቱን እዚያ ላይ አኑሮ ሊጠይቅ ሲል እማሆይ መሶቡን አዞሩት። ጥናቱም አብሮ ዞረ።

ጋይንት የሊቃውንት አገር መሆኑም ለስፌቱ እንቅፋት ነው። ቤተልሔም የድጓ መምህራን የሚመሰከሩባት ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የሚመጣ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በየቀዬው ይዞራል። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ድምፅ ከአጥር ውጭ ሲሰማ እማሆይ ወስፌውን መሶቡ ላይ ሰክተው ይነሣሉ፣ ውሻ ይገሥጻሉ፣ እንጀራ ይቆርሳሉ፣ የልጁን አገር ይጠይቃሉ፣ እናቱ በሕይወት መኖሯን ያረጋግጣሉ፣ እግሩ ላይ ያለውን ቁስል አይተው ቅባት ይፈልጋሉ። ሲመለሱ ስንደዶው ደርቋል፤ እንደገና ውሃ ውስጥ ይነከራል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ዜማ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ መድረሱ በየሊቃውንቱ መጽሐፍ ተመዝግቧል። የስንደዶው መድረቅ ግን አልተመዘገበም።

ዓርብን በተመለከተ ብዙ ማለት ይቻላል። በአማራ ክልል ከተማን በገበያ ቀኑ መጥራት የተለመደ ነው፤ ማክሰኚትና ሐሙሲት ምስክሮች ናቸው። የታች ጋይንቷ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ግን ለዚህ ክብር የመረጠችው የጾም ቀንን ነው። በመሆኑም ከበዓለ ሃምሳ በቀር በየሳምንቱ እንቁላል፣ ቅቤና ዶሮ፣ ሻጩም ገዢውም በዚያ ቀን በማይቀምሱበት ሁኔታ እጅ ይለዋወጣሉ። ቅቤ በሽታው፣ እንቁላል በፀሐይ ይመረመራል፤ ቀምሶ መግዛት የሚቻለው ማር ብቻ ነው፤ በማር ተራም ያለ ምክንያት የሚመላለሱ ሰዎች ታይተዋል። እማሆይ ይዘው የሚወርዱት ጥቂት እንቁላልና የሳምንቱን ልቃቂት ነው፤ ይዘው የሚመለሱት ጨው፣ ቡና፣ ጧፍና አንዲት ብጫቂ ወረቀት የአለላ ቀለም። ግብይቱ ፈጣን ነው። ቀሪው ቀን የሚውለው ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንደሄደች፣ የትኛው ጎረምሳ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ በማጣራት ላይ ነው። ይህ የመጨረሻው መረጃ ለምን እንደሚሰበሰብ በኋላ ይታያል።

ጉዞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንፈሳዊ ነው። መስከረም ስንደዶ የሚነቀልበት፣ ለዓመቱ ስፌት ግብዓት የሚዘጋጅበት ወር ነው፤ ሆኖም በዚያው ወር በ21 ግሸን ማርያም ትነግሣለች። የጌታ መስቀል ክፋይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያረፈባት፣ ራሷም በመስቀል አምሳል የተቀረጸች አምባ ከአምባሰል እየጠራች ሣር ለመንቀል እቤት መቅረት የሚታሰብ አይደለም። ጉልበታቸው ያቃጥላቸዋል፤ ገበያ ለመውረድ ምርኩዝ ይይዛሉ። የግሸንን ዳገት ግን ምእመናን ሳይደግፏቸው እንደወጡት ይናገራሉ። የሕክምና ባለሙያዎች ይህን ቢመረምሩት መልካም ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ልጆች ነው፤ በዚህ ላይ የዕቃ ዝርዝር መሥራት ተችሏል። ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት የወረታ ወልዲያ መንገድ ከነፋስ መውጫ ሲሳፈሩ እማሆይ የሚይዙት አገልግል ሙሉ ድፎ ዳቦ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በጠርሙስ የተደረገ ቅቤ፣ ሁለት ሃይላንድ ጠበል፣ በወረቀት የተቋጠረ እምነት፣ ጤና አዳም፣ ሎሚና እንዝርት ነው። (የራሳቸው ልብስ የሚገኘው በሎሚው ፌስታል ውስጥ ነው።) ሃይላንዶቹ በመልክ አይለያዩም፤ አንደኛው የጊዮርጊስ፣ አንደኛው የኪዳነ ምሕረት ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለሆድ የሚሆነውን ለዓይን ያደረገ ሰው ተግሣጽ ደርሶበታል። ነፋስ መውጫ ላይ ተሳፍረው መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር የአውቶቡሱን መስኮት መዝጋት ነው። ጉናን እስኪያልፉ፣ ደብረ ታቦርም ሲደርሱ፣ ማንም አይከፍተውም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከደረሱ በኋላ እንዝርቷ ሴራሚክ ላይ የምትፈጥረው ድምፅ የታችኛውን ጎረቤት ደረጃ አስወጥቶታል። ወደ ላይ የወጣው ሊቆጣ ነበር፤ የወረደው ድፎ ይዞ ነው። ከሳምንት በላይ ግን አይቆዩም፤ «እዚህ ካህኑ አያውቀኝም፣ ብሞት ማን ይፈታኛል» ብለው ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ቆየው መረጃ፣ ማለትም ወደ ሠርጉ፣ እንመለስ። ጥንት በርስት ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ስለነበር፣ የዘር ሐረግ የሚያውቅ ሰው ሀብት ነበረው። አሜሪካዊው አላን ሆበን ይህን በጎጃም ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነና ቆጠራው ሥራ አጣ። ባለሙያዎቹ ግን ሥራ አላጡም። ዕውቀቱ በሙሉ ወደ ጋብቻ ዞረ፤ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ አይጋባምና። እማሆይ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በቃላቸው ይዘዋል፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በ77ቱ ድርቅ ወዴት እንደተሰደደና እዚያ ማንን እንዳገባ ጭምር። የልጅ ልጃቸውን ለማግባት ያሰበ ወጣት ስም በዓርብ ገበያ በኩል ይደርሳቸዋል፤ መሶቡ ጭናቸው ላይ እንዳለ ይቆጥሩታል። አንዱ በአራተኛው ቤት ተገኘ። አንዱ በስድስተኛው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ደግሞ ከሩቅ የመጣ መስሎ ነበር፤ በእናቱ በኩል እስቴ ተገኘበት።

ስለዚህ መንስኤውና ውጤቱ ግልጽ ሆኗል። ሠርግ የለም፣ መሶቡ አይቸኩልም፤ መሶቡ እስካለ ድረስ ደግሞ እማሆይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። ጴኔሎፔ ይህን ብታውቅ ሌሊት ትተኛ ነበር።

ጥናቱ ሊጠናቀቅ ሲል የቴክኒክ ችግር አጋጠመ። እማሆይ ወስፌውን ሰክተው «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉ። ተመራማሪው የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እሳቸው ነገሩት። በአምስተኛው ቤት ተገናኙ። በሳይንስ ሥርዓት ይህ የጥቅም ግጭት ስለሆነ መግለጽ ግዴታ ነው። በጋይንት ሥርዓት ደግሞ ሳይበሉ መሄድ አይቻልም፣ አገልግልም ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። አገልግሉ መገናኛ አካባቢ ለምትኖረው የልጅ ልጅ የሚደርስ ነው። ተመራማሪው አይቷት አያውቅም። በስሌቱ መሠረት ግን እህቱ ስለሆነች፣ ሌላ ነገር እንዳያስብ ገና በራፍ ላይ ሳለ ተነግሮታል።