ሮቦት በጥርሱ አይገዛም

ወለጋ ተወልዶ «ዕቃ መምረጥ አላውቅም» ማለት ያሳፍራል። እናቴ ነቀምት ገበያ ቅቤ ስትገዛ ጣቷን እስከ አንጓው ከታ ታወጣና፣ የእጇን ጀርባ ቀብታ፣ አሽትታ፣ ሻጯ ራሷ የማታውቀውን የላሚቱን ታሪክ ትነግራታለች። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አህያ ሲገዛ መጀመሪያ ጥርሷን ያይ ነበር፤ ከባለቤቷ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከጊምቢ ጀንፈል የሚጭን ነጋዴም ፍሬውን ጆሮው ሥር አንኮሻኩሾ፣ አንዷን በጥርሱ ሰብሮ «ገና አልደረቀም» ካለ ይግባኝ የለም። እኔም የነዚህ ሰዎች ልጅ ነኝና መምረጥ እችላለሁ ብዬ ስኮራ ኖርኩ። የአጎቴ ልጅ ከሚኒሶታ ሮቦት ይዞ እስኪመጣ ድረስ።

ሮቦት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ «ሮቦት አይደለም፣ አክሽን ፊገር ነው» ብሎ አርሞኛል። የ«ስታር ዋርስ» ወታደር ነው፤ ራስ ቁር የደፋ፣ ቁመቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጀርባው በካርቶን ፊቱ በላስቲክ የታሸገ። የመጣው ለእህቴ ልጅ ስጦታ ሆኖ ነው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ተቀበለ፣ ጉልበት ሳመ፣ ከዚያ ላስቲኩን ከካርቶኑ ባንድ ትንፋሽ ገነጠለው።

የአጎቴ ልጅ ጩኸት ጎረቤት አስወጣ።

«ከፈተው!»

«ታዲያ ምን ያድርገው?» አለች እናቴ።

«አዳዳ፣ አይከፈትም እኮ! ከተከፈተ ዋጋው ሞተ።» አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት፤ ሃያ ዓመት ውጭ ኖሮም ይቺ ቃል አልጠፋችበትም። ሐሳቡ ወታደሩ እንደታሸገ ተቀምጦ፣ ልጁ ሲያድግ ተሽጦ፣ ዩኒቨርሲቲ እንዲያስገባው ነበር። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን በባጃጅ ይደረሳል። እናቴ ልጁን አየች፣ ወታደሩን አየች፣ «እንዲያውም ነፍስ የዘራው ገና አሁን ነው» አለችና የተገነጠለውን ላስቲክ ጨው ልታስቀምጥበት ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።

ማታ ቡና ሲፈላ ትምህርቱ ተጀመረ። «ስታር ዋርስ» ፊልም በ1977 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኬነር የተባለው አሻንጉሊት አምራች ለገና በዓል ማድረስ አቃተው። ምን አደረገ? ባዶ ካርቶን ሸጠ! ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን በፖስታ የላከ ልጅ በ1978 አራት አሻንጉሊት ይላክለታል። ልጆቹም ገዙት። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ቦባ ፌት የተባለው አሻንጉሊት ነገር ነው። በ1979 ጀርባው ላይ ሚሳኤል የሚተኩስ ሆኖ ታሰበ፤ ሚሳኤሏ የልጅ ጉሮሮ ውስጥ ትገባለች ተብሎ ተሰጋና ሳይሸጥ ቀረ። የተረፉት ናሙናዎች ብቻ ናቸው። ከነዚያ አንዱ በ2024 በጨረታ 525,000 ዶላር ተሸጠ። «ማንም ልጅ ያልተጫወተበት ስለሆነ ነው?» አልኩት። «እሱማ ዋናው ነው» አለኝ።

አሜሪካ ውስጥ አሻንጉሊት ከመቶ የሚያርሙ መርማሪዎችም አሉ። የካርቶኑ ጥግ ከታጠፈ ነጥብ ይቀነሳል፤ ላስቲኩ ቢጫ ካለ ይቀነሳል፤ ቀለሙ ከመስመር ከወጣ ይቀነሳል። ይሄን ስሰማ ነቃ አልኩ፤ የማውቀው ነገር ነዋ! የኛ ቡናም እንዲሁ ይታረማል። በውጭ ገበያ «ለቀምቲ» የሚባለው፣ በፍሬው ትልቅነት የታወቀው የአካባቢያችን ቡና ሲመረመር 40 ከመቶው በጥሬው ነው፦ እንከኑ ይለቀማል፣ ሽታው ይታያል። 60 ከመቶው ግን በሲኒ ነው። ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ተቀምሶ።

«የወታደሩስ ሲኒ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

የአጎቴ ልጅ ትንሽ አሰበ። «ሲኒ የለውም» አለ፣ «ጥሬው ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ «ክራምብስ» የተባለው ፊልም ትዝ አለኝ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 እ.ኤ.አ. ለዕይታ ያበቃው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የተሠራ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ዓለም ካለፈች በኋላ ከኛ ዘመን የተረፈ ተራ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራል፤ ዋጋውን የሚተምን ነጋዴም አለ። ሳየው ስቄ ነበር። ለካስ ተማኙ ነጋዴ ዘመዴ ኖሯል።

በማግስቱ ልጁን ይዤ ገበያ ወጣሁ፤ ለወታደሩ ጠላት ያስፈልገዋላ። አንድ ሱቅ ገብተን «ኦሪጅናል አለህ?» አልኩ። «ኦሪጅናል ቻይና!» ብሎ አወረደልኝ። ራሱ የስፓይደር ማን፣ ካባው የባትማን፣ ደረቱ ላይ እንደ አይረን ማን አምፖል የሚበራ፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ የሱፐርማን ፎቶ ያለበት ነው። «አራት ጀግና ባንድ ዋጋ» አለ ሻጩ።

ትናንት ማታ የተማርኩትን እዚያው ሱቁ ውስጥ ማሳየት ጀመርኩ። ዓይኑን አየሁ፤ ቀለም የቀባው ሰው ቸኩሎ ኖሮ አንዱ ወደ ጊምቢ አንዱ ወደ ባኮ ያያል። ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች የተጋጠሙበትን መስመር ዳሰስኩ፤ ጣት ይቆርጣል። ክንዱን አዞርኩ፤ ሲዞር ይንቋቋል። አሸተትኩ፤ አዲስ የባጃጅ ጎማ ይሸታል። ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት፤ ካለቀቁት ይቆማል። ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ «ጋሼ፣ አህያ መሰለዎት እንዴ? ጥርስ የለውም!» አለኝ። የመጨረሻውን መዘዝኩ፦ ገልብጬ እግሩ ሥር አነበብኩ። «ቻይና» ይላል። ይኸው ብዬ ዋጋ አስቀነስኩ።

ቤት ገብቼ የሚኒሶታውን ወታደር ገለበጥኩ። «ቻይና» ይላል። የአጎቴ ልጅ ጣሪያውን አየ።

ቢሆንም ያገር ልጅነት ብቻ አይበቃም፤ በሲኒ ይቀመሱ ብለን ሁለቱንም ለእህቴ ልጅ አስረከብን። ከጣሪያ ጣላቸው። በግ ላይ አስጋለባቸው። ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ አሻገራቸው። የገበያው ጀግና ሰኞ ተገዝቶ ማክሰኞ ክንዱ ወለቀ፤ የደረቱ አምፖል ግን እስከ ዓርብ በራ። የሚኒሶታው ቀለሙ ተጫረ እንጂ መገጣጠሚያው አልላላም፣ ካቆሙት ይቆማል። ስለዚህ ለዘመዴ ፍትሕ ልስጠው፦ ዕቃው ጥሩ ነው። ጥሩነቱ የታወቀው ግን ካርቶኑ ከተቀደደ በኋላ ነው።

ይሄንኑ ልነግረው ስል ዓይኔ ቡፌው ላይ አረፈ፤ አፌን ዘጋሁ። በእናቴ ቡፌ መስተዋት ውስጥ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ስድስት ሲኒዎች አሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ «ለእንግዳ» ተብለው ተገዙ። ዛሬ ጠጉሬ ሸብቷል፤ የሚመጥናቸው እንግዳ ግን እስካሁን አልመጣም። የከተማችን የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት እንኳ ለጎብኚ ይከፈታል፣ ያ ቡፌ አይከፈትም። ሰብሳቢ ፍለጋ ሚኒሶታ ድረስ መሄድ አላስፈለገም ነበር።

የአጎቴ ልጅ ሊሄድ ሲል የመሰናበቻ ቡና ተፈላ። እናቴ ከመቀነቷ ቁልፍ ፈታ ቡፌውን ከፈተች። ሲኒዎቹን ስታወጣ ሥራቸው ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

«አዳዳ፣ ተዪ፣ እነዚህ እኮ አልተነኩም!» አለ ዘመዴ፣ ከልቡ ደንግጦ።

«ጥሬ ሆነው ቀሩ» አለችና አቦሉን ቀዳች።

በበረካው ላይ አንዷ ከእኔ እጅ አምልጣ ተሰበረች። አምስቱ አሁን በየቀኑ ይጠጣባቸዋል፤ ቡፌውም ከዚያ ወዲህ አልተቆለፈም። በስድስተኛዋ ቦታ ማታ ማታ ወታደሩ ያድራል፤ ጠዋት ልጁ ይወስደዋል።